በበረዶ ላይ የተሰየመ ችሎት

ዙሪያዋን በረዶ የለበሱ ተራሮች እንደ ቅጥር በከበቧት በሶልት ሌክ ሲቲ፣ በክረምት ኦሊምፒክ የጥንዶች ጥበባዊ ሸርተቴ ውድድር፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2002 ማታ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጄሚ ሳሌና ዴቪድ ፔልቲዬ የተባሉት ካናዳውያን ጥንዶች የመጨረሻውን እንቅስቃሴያቸውን ፈጽመው በበረዶው ሜዳ መካከል ቀጥ ብለው በቆሙ ጊዜ፣ አዳራሹን ሞልቶት የነበረው ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ስድስት! ስድስት!» እያለ ይጮኽ ጀመር። ስድስት በዚያን ዘመን ሥርዓት እንከን የማይገኝበት ሥራ የሚቀበለው፣ ከእርሱ በላይ ሌላ የሌለው ነጥብ ነበር። የውጤቱ ሰሌዳ በበራ ጊዜ ግን ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙም ወደ ፉጨትና ተቃውሞ ተለወጠ፤ ወርቁ ከእነርሱ ቀደም ብለው ለወጡት ለሩሲያዎቹ ለኤሌና በሬዥናያና ለአንቶን ሲካሩሊድዜ ተፈርዶ ነበርና።

ሩሲያዎቹ የሠሩት ሥራ የሚናቅ አልነበረም። ፈረንሣዊው ማስኔ «ታይስ» ለተባለው ኦፔራው ከደረሰው፣ ቫዮሊን ከሚያለቅስበት ዜማ ጋር እየተስማሙ፣ አንዱ የሌላው ጥላ እስኪመስል ድረስ በበረዶው ላይ ሲፈስሱ ያያቸው ሰው የፒተርስበርግን የባሌት ትውፊት በስለት ላይ ቆሞ ያየ ያህል ነው። ይልቁንም የበሬዥናያን ታሪክ ለሚያውቅ ልቡ ወደ እርሷ ማዘንበሉ አይቀርም፤ በ1996 በሪጋ ከተማ ልምምድ ስታደርግ የቀድሞ ባልደረባዋ የጫማ ስለት ራስ ቅሏን ወግቷት፣ ንግግር ጠፍቶባት፣ እንደ ሕፃን ቃልን ከመጀመሪያው ተምራ የተነሣች ልጅ ናት። ሆኖም በዚያ ማታ ሲካሩሊድዜ ድርብ አክስል ከሚባለው ዝላይ ሲያርፍ እግሩ ጥቂት ተንገዳግዶበታል፤ ካናዳውያኑ ደግሞ ግልጥ የሆነ ስሕተት አልተገኘባቸውም። ንጽሕናን የሚያስቀድም ዳኛ ለካናዳ፣ ጥልቀትንና ጥበብን የሚያስቀድም ዳኛ ለሩሲያ ሊፈርድ ይችል ነበር፤ ሁለቱም ፍርድ በኅሊና የሚከበር ነበር። ነገሩን ያበላሸው የዳኞቹ አሰላለፍ ነው።

ዘጠኝ ዳኞች ነበሩ። የሩሲያ፣ የቻይና፣ የፖላንድ፣ የዩክሬንና የፈረንሣይ ዳኞች ለሩሲያዎቹ ፈረዱ፤ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጀርመንና የጃፓን ዳኞች ለካናዳውያኑ ፈረዱ። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው የሸርተቴ ውጤት መመልከቱን ረስቶ የቀዝቃዛውን ጦርነት ካርታ የዘረጉለት ይመስለዋል፤ ከካርታው መስመር ወጥታ የቆመች አንዲት ፈረንሣይ ብቻ ናት፤ አምስት ለአራት በሆነ ፍርድም ሚዛኑን የደፋችው የእርሷ ድምፅ ናት።

የፈረንሣይ ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ማሪ ሬን ለ ጉኝ፣ ዳኞች ባረፉበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ የዓለም አቀፉን የስኬቲንግ ኅብረት የቴክኒክ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ከነበሩት እንግሊዛዊት ከሳሊ ስቴፕልፎርድ ጋር ተገናኙና፣ ስለ ፍርዳቸው በተጠየቁ ጊዜ እንባቸው ቀድሟቸው ተንሰቀሰቁ፤ የፈረንሣይ ፌዴሬሽን ሹም የሆኑት ሙሴ ዲዲዬ ጋያጌ ሩሲያዎቹን አስቀድሚ ብለው እንዳስጨነቋቸው ተናገሩ። የተወራውም ውል ይህ ነበር፦ ፈረንሣይ በጥንዶች ውድድር ለሩሲያ ድምፅዋን ትሰጣለች፤ ሩሲያም በበረዶ ላይ ዳንስ ለፈረንሣዮቹ ለማሪና አኒሲናና ለግዌንዳል ፔዜራ ድምፅዋን ትመልሳለች። ሙሴ ጋያጌ ነገሩን ካዱ። ወይዘሮዋም ከጥቂት ቀን በኋላ የቀድሞ ቃላቸውን ሽረው፣ የፈረድኩት በኅሊናዬ ነው፣ ሩሲያዎቹ በልጠው ስላገኘኋቸው ነው አሉ፤ በኋላም ይህንኑ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፉ። አንዲት ሴት በእንባ የተናገረችውን ነው ወይስ ዐይኗን ጠርጋ የተናገረችውን ማመን የሚገባ? ይህን የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ በዚያን ወራት ወይዘሮ ለ ጉኝ ለኅብረቱ የቴክኒክ ኮሚቴ አባልነት እጩ ነበሩ፤ እጩነታቸውን የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም የፌዴሬሽናቸው ሹም ነበር።

ከውድድሩ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግና የስኬቲንግ ኅብረቱ ፕሬዚዳንት ኦታቪዮ ቺንኳንታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ እንደሚሰጥ አስታወቁ። የሩሲያዎቹ ወርቅ አልተነሣባቸውም። በአንድ ውድድር ሁለት ጥንዶች በአንድ መድረክ ላይ ቆመው፣ የሁለት አገር መዝሙር ተዘምሮ፣ ሁለት ሰንደቅ ዓላማ እኩል ተሰቀለ፤ ፍርዱም ሳይሻር ሳይጸናም ቀረ። ወይዘሮ ለ ጉኝና ሙሴ ጋያጌ ለ3 ዓመት ታገዱ፣ ከ2006ቱ ኦሊምፒክም ተከለከሉ። ሙሴ ጋያጌ ግን ቅጣታቸውን ጨርሰው በ2007 እንደገና የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና እስከ 2020 በመንበራቸው ቆዩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ከጥቂት ክፉ ሰዎች የተነሣ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር፤ ጋዜጦቹም በአብዛኛው እንዲሁ ዘግተውታል። የነገሩን ሥር የሚፈልግ ሰው ግን ሰባ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ክሪስቲያኒያ የሚለውን ስሟን ለውጣ ኦስሎ ከተባለች ገና ሁለት ዓመቷ ወደነበረው ወደ ኖርዌይ ዋና ከተማ መሄድ ይኖርበታል።

በ1927 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በኦስሎ ተደረገ። ከቪየና የመጣችው ሄርማ ሳቦ ከ1922 እስከ 1926 አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች፣ በ1924 በሻሞኒ የኦሊምፒክን ወርቅ የወሰደች፣ በዘመኗ አቻ ያልነበራት ሴት ናት። ከፊቷ የተሰለፈችው ሶንያ ሄኒ የምትባል፣ ገና 14 ዓመቷ የሆነ የኦስሎ ልጅ ነበረች። ከፍርድ ወንበር የተቀመጡት አምስት ዳኞች ሲሆኑ ሦስቱ ኖርዌያውያን ነበሩ። ሦስቱ ኖርዌያውያን ሄኒን አንደኛ አሉ፤ ኦስትሪያዊውና ጀርመናዊው ሳቦን አንደኛ አሉ። ሦስት ለሁለት። ሳቦ ዘውዷን አስረክባ ወደ ቪየና ተመለሰች፤ መልሳም አልያዘችውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ በእውነት ተአምረኛ ነበረች፤ ከዚያ ዓመት አንሥቶ የዓለምን ሻምፒዮንነት አሥር ጊዜ በተከታታይ፣ የኦሊምፒክን ወርቅም ሦስት ጊዜ ወሰደች፤ በኦስትሪያና በጀርመን፣ በአሜሪካም ዳኞች ፊት አሸነፈች። እንግዲህ ሦስቱ ኖርዌያውያን ያዳሉት ለተገባት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ አድልዎ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ጉዳትም ይኸው ነው። የተበደለው ተሸናፊ ብቻ አይደለም፤ በእውነት ያሸነፈውም ድሉን ያለ ጥርጣሬ የሚለብስበት ቀን ይቀርበታል። በሬዥናያም ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ የደረሰባት ይኸው ነው።

ከኦስሎ ጩኸት በኋላ ኅብረቱ ከአንድ አገር ከአንድ በላይ ዳኛ በአንድ ችሎት እንዳይቀመጥ ደነገገ። ደንቡ ሲያዩት ርትዕ ነው፤ ሲመረምሩት ግን በውስጡ የተሸሸገ ኑዛዜ አለበት። ኅብረቱ ዳኛው የአገሩን ልጅ መውደዱን አምኖ ተቀብሎ፣ ፍቅሩን ለማጥፋት ሳይሞክር፣ ፍቅሮቹ እርስ በርሳቸው ይመዛዘኑ ዘንድ ለየአገሩ አንዳንድ ወንበር አካፈለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳኛው ስሙ ዳኛ ይባል እንጂ የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ተቀመጠ፤ እንደራሴ የሆነ ሰው ደግሞ ዐይኑ ከፊቱ ካለው ነገር ይልቅ ወደ ላከው ይመለሳል።

በሰዓት የሚፈረድ ውድድር ይህ ጣጣ የለበትም። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ፣ የጣልያን ዳኛ ልቡ ወደፈለገው ቢያዘነብል እንኳ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የምትለውን ቁጥር ሊያሻሽላትም ሊያበላሻትም አይችልም ነበር። በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የገባው ሮቤል ተክለማርያምም የመጣው በሜዳና በዳገት ላይ በሚደረገው የስኪ ሩጫ ነው፤ ብቻውን መጥቶ፣ ዳኛም ወዳጅም ሳያስፈልገው፣ ሰዓቱ የሰጠውን ተቀብሎ ሄደ። በበረዶ ላይ የሚደረገው ጥበባዊ ሸርተቴ፣ ማለት ፊገር ስኬቲንግ፣ ግን ከሩጫ ይልቅ ለቅኔ ይቀርባል። ቅኔ ሲዘረፍ ቤቱ መምታቱን ማንም ሊቆጥር ይችላል፤ ምሥጢሩ መጥለቁን የሚፈርደው ግን መምህሩ ነው፤ መምህሩም የጎንጅ ቅኔ ቤት ሰው ከሆነ ለጎንጅ፣ የዋሸራ ሰው ከሆነ ለዋሸራ ማዘንበሉን ማን ይከለክለዋል?

ቤተ ክህነት «አድልዎ ለገጽ» የምትለው፣ ፊት አይቶ መፍረድ፣ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ለፍርድ አይመችም። ከሁሉ የዋሁ ፍቅር ነው። ዳኞቹ አብዛኛዎቹ ራሳቸው የቀድሞ ተንሸራታቾች፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ጨዋታውን ከልጅነት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የአገራቸውን ልጅ ገና በትንሽነቱ ሲወድቅና ሲነሣ አይተውታል፤ ዝላዩን ከመዝለሉ በፊት አነሣሡን ያውቁታል፤ የለመዱትን ውበት ከማያውቁት ውበት አብልጠው ቢያዩ ሊደነቅ አይገባም። ከፍቅር ቀጥሎ ፍርሃት አለ፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ስሜን የሚልከው ማን ነው የሚል ፍርሃት። በመጨረሻ ውል አለ። ውሉ እንዲያብብ ያደረገው ደግሞ የአሮጌው ሥርዓት ቀመር ነው፤ እስከ ስድስት የሚሰጡት ነጥቦች ተደምረው የሚቆጠሩ አልነበሩም፤ ከእያንዳንዱ ዳኛ የሚፈለገው ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ የሚለው ተራ ብቻ ነበር፤ ከዘጠኙ አምስቱን ያገኘ ያሸንፋል። ስለዚህ በጎኑ አራት ድምፅ ያለው ሰው መግዛት የሚያስፈልገው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት።

ውሉ በሶልት ሌክ የተጀመረም አይደለም። የሶቭየት ኅብረት ዳኞች ለአገራቸው ልጆች ማድላታቸው ከመጠን ቢያልፍ በ1978 የውድድር ዘመን አንድ ሳይቀሩ ሁሉም ታግደው ነበር። በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ካናዳዊቷ ዳኛ ጂን ሴንፍት የዩክሬኑ ዳኛ ዩሪ ባልኮቭ በበረዶ ላይ ዳንስ ማን በስንተኛ ተራ እንደሚቀመጥ አስቀድመው በስልክ ሲነግሯት ቃላቸውን በቴፕ ቀዳች። ባልኮቭ ለ1 ዓመት ታገዱ። የሚያስገርመው ግን ምስክሯ ሴንፍትም ለአገሯ ልጆች አድልተሻል ተብላ ለ6 ወር መታገዷ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ደንብ ተቀጥተው ከችሎት ወጡ። በዓመቱ በ1999 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና የሩሲያው ስቪያቶስላቭ ባቤንኮና የዩክሬኑ አልፍሬድ ኮሪቴክ በፍርድ ወንበራቸው ላይ ሳሉ በእግርና በዐይን ምልክት ሲለዋወጡ የካናዳ ቴሌቪዥን ካሜራ ያዛቸው፤ እነርሱም ታገዱ።

ከ2002ቱ ቅሌት በኋላ ግን መድኃኒት መፈለግ ግድ ሆነ። መድኃኒቱን ያቀረቡት ፕሬዚዳንት ቺንኳንታ ጣልያናዊ ሲሆኑ ያደጉት በፍጥነት ሸርተቴ፣ ማለት ሰዓት በሚፈርድበት ዘርፍ ነው። መድኃኒቱም ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፣ ስድስትን አጥፍቶ እያንዳንዱን ዝላይ፣ እያንዳንዱን ሽክርክሪትና የእግር ሥራ በየራሱ ዋጋ የሚተምንና የሚደምር አዲስ የነጥብ ሥርዓት ነው፤ ይህም በ2004 ጸና። ሁለተኛው የዳኛውን ስም መሰወር ነው። ነጥቦቹ ይታያሉ፤ የትኛው ነጥብ የየትኛው ዳኛ እንደሆነ ግን አይታይም፤ በዚያ ላይ የእነማን ነጥብ እንደሚቆጠር ኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል። የተሰጠው ምክንያትም መልክ ያለው ነበር፤ ዳኛው ምን እንደፈረደ ላኪው ካላወቀ ሊያስፈራራው አይችልም፤ ውል የገባውም ውሉ መፈጸሙን ማየት ስለማይችል ውል መግባቱ ይቀራል ተባለ።

ይህ ክርክር ለጊዜው ሊያሳምን የሚችል ነው። ነገር ግን መጋረጃ ሲዘረጋ ከላኪው ብቻ አይጋርድም፤ ከሕዝቡም፣ ከጋዜጠኛውም፣ ከተበደለውም ይጋርዳል። ዳርትመዝ በሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ የሚያስተምሩት የኢኮኖሚክስ ሊቅ ኤሪክ ዚትዝዊትዝ ይህን ለመመርመር ብልህ መንገድ አገኙ፤ ስሙ ከተሰወረ ዳኛውን መፈለግ ትተው ተንሸራታቹን ተከተሉ። አንድ ተወዳዳሪ የአገሩ ሰው ከዳኞቹ መካከል ሲቀመጥ ያገኘውን ነጥብ፣ የአገሩ ሰው ሳይኖር ካገኘው ጋር አስተያዩ። በ2014 ታትሞ የወጣው ሐተታቸው እንደሚያስረዳው፣ ወገን ዳኛ የሚያስገኘው ጥቅም ከስም መሰወሩ በኋላ መቀነሱ ቀርቶ በጥቂቱ ጨምሮ ተገኘ። መድኃኒቱ በሽታውን ሸፈነው እንጂ አልነካውም ማለት ነው።

የመጋረጃው ጉዳት በግልጥ የታየው በዚያው ዓመት በሶቺ ኦሊምፒክ በሴቶች ውድድር ነው። የኮሪያዋ ዩና ኪም እንከን የሌለው ሥራ ሠርታ 219.11 ስታገኝ፣ የሩሲያዋ አዴሊና ሶትኒኮቫ ከአንዱ የዝላይ ቅንብር ስታርፍ ብትደናቀፍም 224.59 አግኝታ በአገሯ መሬት ወርቁን ወሰደች። ሶትኒኮቫ ብዙ ከባድ ዝላዮች ስለሠራች ድሉ ይገባታል ያሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አይገባትም ያሉም አሉ፤ እኔ በዚህ አልገባም። ከዳኞቹ መካከል ግን አንደኛው በናጋኖ ጉዳይ የታገዱት እነዚያው ዩሪ ባልኮቭ፣ ሌላዋም የሩሲያ ፌዴሬሽን ዋና ዲሬክተር የቫለንቲን ፒሴዬቭ ባለቤት አላ ሼኾቭትሴቫ ነበሩ፤ ወይዘሮዋም ውድድሩ እንዳለቀ ሶትኒኮቫን ሲያቅፉ ታዩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ነጥብ ሰጡ? ምናልባት ፍጹም ቅን ፍርድ ፈርደው ይሆናል፤ መጋረጃው ግን ቅንነታቸውንም ጭምር ስለሰወረው ሊመሰክርላቸው የሚችል ሰው ጠፋ። የኮሪያ አቤቱታ ውድቅ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ኅብረቱ በዱብሮቭኒክ በተሰበሰበው ጉባኤ ስም መሰወርን ሻረ፤ ቺንኳንታም በዚያው ጉባኤ ከፕሬዚዳንትነታቸው ተሰናበቱ።

መጋረጃው በተነሣ በመጀመሪያው ኦሊምፒክ፣ በ2018 በፒዮንግቻንግ፣ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ምን እንደነበረ ታየ። የቻይና ዳኛ የነበሩት ቼን ዌይጓንግ በወንዶች ውድድር ለአገራቸው ልጅ ለጂን ቦያንግ፣ ሁዋንግ ፌንግ ደግሞ በጥንዶች ውድድር ለስዊ ዌንጂንግና ለሀን ኮንግ ያለ ልክ አድልተው፣ የተፎካካሪዎቻቸውንም ነጥብ ዝቅ አድርገው ተገኙ። ቼን ለ2 ዓመት ታግደው ከ2022ቱ የቤይጂንግ ኦሊምፒክ ተከለከሉ፤ ሁዋንግ ለ1 ዓመት ታገዱ። አድልዎው ግን ፍሬ አላፈራም፤ ጂን አራተኛ ወጣ፤ ስዊና ሀንም ብር ወሰዱ። የጥንዶቹን ወርቅ የወሰዱት አልዮና ሳቭቼንኮና ብሩኖ ማሶ ናቸው፤ እርሷ በዩክሬን፣ እርሱ በፈረንሣይ ተወልደው ለጀርመን የተሰለፉ ጥንዶች፣ የዳኛን ወገንተኝነት ለሚመረምር ሰው ራሳቸው ታላቅ እንቆቅልሽ የሚሆኑ ናቸው። ያሸነፉትም በ235.90 ለ235.47 ነው፤ ልዩነቱ 0.43 ነጥብ።

ይህችን 0.43 እንያዛትና አዲሱ ቀመር ከአንድ ዳኛ እጅ ያድን እንደሆነ እንመርምር፤ ከቁጥር የሚሸሽ አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢያልፈው አልቀየምም። ደንቡ ከዘጠኙ ዳኞች የላይኛውንና የታችኛውን ነጥብ ጥሎ የቀሩትን የሰባቱን አማካይ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚያዳላ ዳኛ ነጥብ ይጣላልና ጉዳት የለውም ይባላል። ለአንድ መመዘኛ ሁለት ዳኞች 8.00፣ ሦስቱ 8.25፣ ሦስቱ 8.50፣ አንዱም 8.75 ሰጡ እንበል፤ አማካዩ 8.32 ይሆናል። አሁን 8.25 ከሰጡት አንዱ ለአገሩ ልጅ ብሎ 9.00 ቢሰጥ፣ እውነት ነው 9.00 ይጣላል፤ ነገር ግን ቀድሞ ይጣል የነበረው 8.75 በእርሱ ቦታ ከሚቆጠሩት ጋር ይገባል፤ አማካዩም 8.39 ይደርሳል። ሰባት መቶኛ ነጥብ ምን ታደርጋለች? በዚያን ዘመን መመዘኛዎቹ አምስት ነበሩ፤ በጥንዶች ረጅም ውድድርም እያንዳንዳቸው በ1.6 ይባዙ ነበር። በአምስቱም እንዲሁ ቢያደርግ ከግማሽ ነጥብ በላይ ይወጣዋል፤ ይህም የጀርመንን ወርቅ ወደ ቻይና ለማሻገር ይበቃ ነበር። ዳኛው የተጣለበትን ነጥብ እያየ ይስቃል ማለት ነው።

ታዲያ ስሙ ቢሸፈን አልሆነ፣ ስሙ ቢገለጥ አልሆነ፣ ቀመሩ ቢለወጥ አልሆነ። መድኃኒቱ ወዴት አለ? እነዚያው ዚትዝዊትዝ በ2006 ባወጡት ሌላ ጥናት በአንድ የክረምት ኦሊምፒክ ጥላ ሥር ያሉ ሁለት ውድድሮችን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ አንዱ ፊገር ስኬቲንግ፣ ሁለተኛው የስኪ ዝላይ ነው። የስኪ ዝላይም በሜትር ከሚለካው ርቀት ሌላ አቋቋሙንና አስተራረፉን አይተው ነጥብ የሚሰጡ አምስት ዳኞች አሉት፤ እነርሱም ሰዎች ናቸውና ለአገራቸው ልጅ ያዳላሉ። ነገር ግን አንዱ ዳኛ ሲያዳላ የቀሩት ነጥባቸውን በተቃራኒው ዝቅ አድርገው ያካክሱት ነበር፤ በፊገር ስኬቲንግ ግን አንዱ ወዳዘነበለበት ሌሎቹም አብረው የማዘንበል ጠባይ ተገኘባቸው። ሁለቱን ምን ለያቸው? የስኪ ዝላይን ዳኞች የሚመርጠው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የራሱ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም ያለ ልክ የሚያዳላውን ወደ ትልቅ ውድድር አይልክም። የፊገር ስኬቲንግን ዳኞች የሚልኳቸው ግን የየአገራቸው ፌዴሬሽኖች ናቸው፤ ለአገሩ ልጅ የማይቆም ዳኛ ለፌዴሬሽኑ ምን ይጠቅመዋል?

በኔ አስተያየት ከኦስሎ ወዲህ የተሞከሩት መድኃኒቶች ሁሉ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዐይኑን ሲመረምሩ፣ እጁን ሲያስሩ፣ ነጥቡን ሲቆርጡ፣ ፊቱን ሲሸፍኑና ሲገልጡ የኖሩት የዳኛውን ነው፤ ከበስተ ኋላው ቆሞ የጉዞውን ወረቀት የሚፈርመውን ግን አልነኩትም። ወይዘሮ ለ ጉኝ በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ያለቀሱት ስለ ፈረዱት ፍርድ ይሁን ስለ ሌላ ነገር የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን በአንድ በኩል ሁለት ጥንዶች በበረዶ ላይ፣ በሌላ በኩል አለቃቸው የሚጠብቋቸው ሆነው በመካከል መቀመጣቸው የታወቀ ነው።

በሬዥናያና ሲካሩሊድዜ፣ ሳሌና ፔልቲዬ ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆነው በአሜሪካ በአንድ የበረዶ ላይ ትርኢት አብረው ሲዞሩ ኖረዋል። ቅጣቱም አለቀ፤ ስድስት ነጥብም ከጨዋታው ጠፋ፤ አምስቱ መመዘኛዎችም በ2022 ወደ ሦስት ዝቅ አሉ። የኦሊምፒክ ዕጣ ወጥቶ አንድ አገር የዳኝነት ወንበር ሲደርሰው በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ስም ለኅብረቱ የሚልከው፣ እንደ ቀድሞው ሁሉ፣ የአገሩ ፌዴሬሽን ነው።